ቢላ መሰብሰብ ከመሳል ይጀምራል

እናቴ አንድ ቢላ አላት። ድሮ ሰፊ ነበር አሉ። እኔ ካወቅኩት ጀምሮ በየዓመቱ እየቀጠነ ሄዶ አሁን የሁለት ጣት ስፋት እንኳ አልቀረውም። እጀታው አንዴ ተሰንጥቆ በሽቦ ተጠምጥሟል። እቤት ሌሎች አራት ቢላዎች አሉ። ሁለቱ በስጦታ የመጡ ናቸው፤ ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሊከተፍ ሲል ግን የሚፈለገው ያ ቀጭኑ ነው። «ቢላዬን ማን ወሰደው?» ካለች ስለ እሱ ነው የምታወራው።

እኔ አሁን አሥራ አንድ ቢላ አለኝ። ባለቤቴ ቁጥሩን ስትሰማ «ጦርነት አለ እንዴ?» አለችኝ። የለም። ግን ቢላ ደስ የሚል ነገር ነው። ሰው ከሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ ምናልባት በዕድሜ የሚቀድመው ስለት ነው፤ ዛሬም ሥራው ያው መቁረጥ ነው። ባትሪ አይፈልግም፣ አፕዴት አድርገኝ አይልም። በደንብ ከያዙት ለልጅ ይተርፋል።

መሰብሰብ መጀመር ለምትፈልጉ እኔ ብሩን ካባከንኩ በኋላ የገባኝን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ምንም አትግዙ

ወጥ ቤት ግቡና ያላችሁን ቢላ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። የዳቦውን፣ የሥጋውን፣ ጫፉ የተሰበረውን፣ ቆርቆሮ መክፈቻ የሆነውንም ጭምር። አንድ በአንድ ያዟቸው። እጃችሁ ላይ የሚመቸው የቱ ነው? ሳታስቡት ሁልጊዜ የምታነሱት የቱን ነው? እሱን ለዩት። የስብስባችሁ ቁጥር አንድ እሱ ነው። ዱልዱም ቢሆንም ግድ የለም፤ እንዲያውም ዱልዱም ቢሆን ይሻላል።

እኔ የጀመርኩት በተቃራኒው ነበር። ስድስት ቢላ ከነእንጨት ማቆሚያው የያዘ አንድ የሚያብረቀርቅ ስብስብ ገዛሁ። ሻጩ «ዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። በሦስተኛው ወር አንዱም ቲማቲም አይቆርጥም፤ ይጨፈልቃል። ያኔ ጥፋቱ የቢላዎቹ መሰለኝ። ግማሹ የኔ ነበር፤ መሳል አልችልም ነበር።

2. ያንን አንዱን ቢላ ሳሉ

እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ። መሳል የማይችል ሰብሳቢ ማንበብ ሳይችል መጽሐፍ እንደሚገዛ ሰው ነው።

የሚያስፈልገው መሳያ ድንጋይ ነው። ድንጋዮቹ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ ነው፣ ሲበዛ ልስልስ። 400 የተጎዳ ስለት ይመልሳል፤ 1000 የዘወትር መሳያ ነው፤ 3000 እና ከዚያ በላይ ማለስለሻ ነው። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 1000 ውሰዱ። ውሃ የሚጠጣ ዓይነት ከሆነ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ውሃ ውስጥ ንከሩት። አሥር ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል።

ድንጋይ ካጣችሁ ህንፃ መሣሪያ መደብር ሂዱና በውሃ የሚሠራውን ጥቁሩን ብርጭቆ ወረቀት ግዙ፤ ባቲላሜራ ቤቶች መኪና ቀለም ከመቀባታቸው በፊት የሚፈትጉበትን። ቁጥሩ 400 እና 1000 ይሁን። ወፍራም መስታወት ላይ በውሃ አርሳችሁ ለጥፉት። በትክክል ይሠራል። ወረቀት ላይ ስትስሉ ግን ቢላውን በጀርባው በኩል እየጎተታችሁ ብቻ ነው። ስለቱን አስቀድማችሁ ከገፋችሁ ወረቀቱን ይቀደዋል።

አሁን ድንጋዩን ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። እንዳይንሸራተት ነው።

ሰው ሁሉ የሚቸገረው ማዕዘኑ ላይ ነው። «በ15 ዲግሪ ያዙት» ይሏችኋል። በዓይን 15 ዲግሪን ማን ያውቃል? ዘዴው ይኸውላችሁ። የቢላውን ስፋት ከስለቱ እስከ ጀርባው ለኩ። 4 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ጀርባውን ከድንጋዩ የስፋቱን ሩብ፣ ማለትም 1 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍ ብታደርጉት ማዕዘኑ 15 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሲሶውን ከፍ ብታደርጉት ወደ 20 ይጠጋል። ለሽንኩርትና ለሥጋ ቀጭን ቢላ ሩብ ይበቃል። አጥንት አካባቢ ለሚሠራ ወፍራም ካራ ሲሶ ይሻላል፤ አለዚያ ስለቱ ይሸረፋል። ከፍታውን ለማስታወስ ሳንቲሞች ደራርባችሁ ከቢላው ጀርባ ሥር አድርጉና እጃችሁ እስኪለምደው እዩት።

ሌላ ዘዴ ልጨምር። ስለቱን ዳር ዳሩን በማርከር ቀቡት። ሁለት ሦስት ጊዜ ድንጋዩ ላይ አስኬዱትና እዩ። ቀለሙ የጠፋው ከጫፉ ወደ ላይ ራቅ ብሎ ከሆነ ቢላውን በጣም አስተኝታችሁታል። ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ በጣም አቁማችሁታል። ወጥ በሆነ መንገድ ከጠፋ ቀጥሉ።

አንድ እጅ እጀታውን ይይዛል። የሌላው እጅ ሁለት ሦስት ጣት የቢላው ገላ ላይ፣ ወደ ስለቱ ጠጋ ብሎ ያርፋል። ግፉ፣ ጎትቱ። ጉልበት አትጨምሩ፤ ክብደቱ እርጥብ ስፖንጅ ላይ እንደሚያርፍ እጅ ይሁን። ድምፁን አዳምጡ። ማዕዘኑ ልክ ሲሆን ድምፁ አንድ ዓይነት «ሽሽሽ» ነው። ሲዛባ ይለወጣል። ድንጋዩ ላይ የሚወጣውን ጥቁር ጭቃ አትጠቡት፤ መሳሉን የሚያግዘው እሱ ነው።

መቼ ነው የምናቆመው? ይሄ ነው ምሥጢሩ። አንዱን ጎን በደንብ ስትስሉ ብረቱ እየሳሳ ጫፉ ወደ ማዶ ይታጠፋል። አውራ ጣታችሁን በሌላው ጎን ከጀርባ ወደ ስለቱ (ወደ ውጭ እንጂ በስለቱ ርዝመት በፍጹም አይሆንም) ቀስ ብላችሁ አንሸራትቱ። ጥፍር የሚይዝ ሻካራ ነገር ይሰማችኋል። ከእጀታው አንስቶ እስከ ሹል ጫፉ በሙሉ ከተሰማችሁ ያ ጎን አልቋል። ገልብጡት። ሻካራው ካልመጣ አልተሳለም፤ ሠላሳ ጊዜም ሆነ ሦስት መቶ ጊዜ ብታሹት ለውጥ የለውም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ሻካራው ሳይመጣ ጎን ይቀይራል፣ ከዚያ «ድንጋዩ አይረባም» ይላል።

ሁለቱም ጎን ሲያልቅ እየቀለለ በሚሄድ እጅ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን፣ አሥር አሥር ጊዜ አስኬዱት። ሻካራዋ እንድትነሣ ነው። በመጨረሻ ያረጀ የቆዳ ቀበቶ በውስጥ በኩል ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና በጀርባው እየጎተታችሁ አሥር ጊዜ ጥረጉት።

ፈተናው ጋዜጣ ነው። ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥሉና ቁረጡ። ከቀደደው ገና ነው። ዝም ብሎ ከወረደ ቲማቲም አምጡ። ቢላውን በራሱ ክብደት ብቻ ቲማቲሙ ላይ አሳርፉና ወደ ኋላ ሳቡት። ልጣጩ ሳይጎደጉድ ሲከፈት ታያላችሁ። እኔ የመጀመሪያው ቀን አምስት ቲማቲም ቆርጬ ነው የቆምኩት። ማታ ስልስ በላን።

የሽንኩርት ነገር ደግሞ አለ። ዱልዱም ቢላ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል። የሚያስለቅሰው ከተጨፈለቀው ክፍል የሚወጣው ጋዝ ነው። የተሳለ ቢላ ትንሽ ስለሚጨፈልቅ እንባውም ይቀንሳል። የበዓል ሽንኩርት ለሚከትፍ ሰው ይሄ ብቻውን ለመሳል በቂ ምክንያት ነው።

በመሳል መካከል ላሉት ሳምንታት ሲኒ ይበቃል። ሲኒ ወይም ትልቅ የሻይ ኩባያ ገልብጡና ከታች ያለውን ያልተቀባ ክብ ጠርዝ እዩ። ሻካራ ነው። በያዛችሁት ማዕዘን አምስት ስድስት ጊዜ አስኬዱበት። ትልቁ ኩባያ ይመቻል፤ የቡና ሲኒ ጠባብ ስለሆነ እጅ ያስጨንቃል። ሥጋ ቤት ቆራጩ ቁርጥ ከማውጣቱ በፊት ሻቅ ሻቅ የሚያደርግበት ዘንግ ግን ሥራው ሌላ ነው። የተጣመመውን ጫፍ ያቀናል እንጂ የደነዘን አይመልስም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ድንጋይ የሚስል ሰው ጋ ቢላ ከሰጣችሁ ቆማችሁ እዩ። ብረቱ ከጋለና ጫፉ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬው ሄዷል። ያን ቀን ይቆርጣል፤ በሳምንቱ ይደነዝዛል። ያቺ ሰማያዊ ክፍል ተፈግፍጋ እስክታልቅ ድረስም እንዲሁ ነው። አንድ ጥሩ ቢላ በዚህ መንገድ ሄዶብኛል።

3. ሁለቱን ብረት ለዩ

በአጭሩ፦ የማይዝግ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ተገናኝቶ የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። እንክብካቤው ቀላል ነው። ተራው የካርቦን ብረት ያ ሽፋን የለውም፤ ይጠቁራል፣ ከረሱትም ይዝጋል። በምትኩ በቀላሉ ይሳላል። ለጀማሪ ከሁለቱም አንድ አንድ እንዲኖረው እመክራለሁ፤ ልዩነቱ የሚገባው በእጅ ነው።

4. የመጀመሪያ ግዢያችሁ ርካሽ ሰንጢ ይሁን

የኔ ምርጫ ኦፒኔል ነው። የፈረንሳይ ገበሬ ሰንጢ ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል በሳቩዋ ተራሮች በ1890 (ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ሠራው። ኋላ ከ1 እስከ 12 በቁጥር የተለያየ መጠን ወጣለት። ቁጥር 8 ስለቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለአብዛኛው ሰው እጅ የሚስማማው እሱ ነው። የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንድ ምስማር፣ አንድ የብረት ቀለበት። ቀለበቷ በ1955 የተጨመረች ናት፤ ስትዞር ስለቱን ትቆልፈዋለች፣ በጣት ላይ እንዳይታጠፍ። የተወሳሰበ ነገር ስለሌለው እንዴት እንደሚሠራ አይታችሁ ትረዱታላችሁ።

እንጨቱ ውሃ ከጠጣ ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል። አትታገሉት። ቀለበቷ ክፍት መሆኗን አይታችሁ የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፤ ስለቱ ብቅ ይላል። የሳቩዋ ሰዎች የሚያደርጉት እንደዚያ ነው። ከዚያ እንጨቱን የተልባ ዘይት ቀቡት። ቀብታችሁ ትርፉን ጥረጉና ይድረቅ። ሦስት ቀን እየደጋገማችሁ ብታደርጉት ውሃ መጠጣቱን ይቀንሳል። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ እሳት ሊነሣ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

የካርቦን ብረቱን ዓይነት ውሰዱ። መጀመሪያ እንደ መስታወት ያበራል። ብርቱካን ስትቆርጡ ይጠቁራል። ሥጋ ስትቆርጡ ሰማያዊና ሐምራዊ ይጥላል። በስድስት ወር ውስጥ ያ ሁሉ ተደራርቦ ግራጫ ይሆናል፤ ግራጫው ደግሞ ከዝገት በመጠኑ ይከላከላል። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሰንጢ በአንድ ቀን ቢገዙ በዓመቱ ቢላዎቹ አይመሳሰሉም። አንዱ ብርቱካን በላ፣ አንዱ ቁርጥ።

የኔው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ተበላሽቶ ነበር። ሎሚ ቆርጬበት ሳላጥበው አደረ። ጠዋት ሳየው ስለቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ተርከፍክፏል። ደነገጥኩ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ፈተግሁት፤ ሄደ፤ ሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች ግን ዛሬም አሉ። ሕጉ ቀላል ነው። ጥቁርና ግራጫ ደህና ነው፣ ቀይ ሲሆን ፈትጉ። አዋዜ የነካው ቢላ ደግሞ ሳይታጠብ አይደር፤ ጨው ከሎሚም ይብሳል።

5. ስብስቡን አንድ ክር አስይዙት

ያየነውን ሁሉ መግዛት ዕቃ ማከማቸት ነው። ክር ያስፈልጋል። አገር፣ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ሥራ፣ ወይም አንድ ሠሪ ሊሆን ይችላል።

የስዊሱን ቀይ ሰንጢ የሚሰበስቡ አሉ። ካርል ኤልሰነር በ1884 ኢባኽ በሚባል ቦታ አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈተ። የስዊስ ወታደሮች ቢላ እስከዚያ ከጀርመን ዞሊንገን ይመጣ ነበር፤ እሱ በ1891 ማቅረብ ጀመረ። በ1897 የመኮንኖቹን ቀለል ያለ ሰንጢ አስመዘገበ። ቪክቶሪኖክስ የሚለው የድርጅቱ ስም የእናቱ ቪክቶሪያና የማይዝግ ብረት የፈረንሳይኛ መጠሪያ ተገጣጥመው የወጣ ነው። በቢላ ላይ የእናት ስም! የኔን እናት ቢላ አስታወሰኝ።

የጃፓን ወጥ ቤት ቢላ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በ1876 በአደባባይ ጎራዴ መታጠቅ ሲከለከል ብዙ ጎራዴ ሠሪ ወደ ወጥ ቤትና ወደ እርሻ መሣሪያ ዞረ። ብረታቸው በጣም ጠንካራ፣ ስለታቸው ስስ ነው። ስለዚህ አጥንት አታስነኩት፣ በረዶ የሆነ ሥጋ አትቁረጡበት፤ ይሸረፋል። ዋጋቸውም ይጎዳል። መሳል በደንብ ሳትለምዱ አትግዙት።

እኔን የያዘኝ ክር ግን እዚሁ ያለው ነው፦ ባሌስትራ፣ የመኪናን ክብደት ከሥር የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት። ቀጥቃጮቻችን ካራና ማጭድ የሚሠሩት ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። የሚገርመው ምርጫቸው ትክክል መሆኑ ነው። የባሌስትራ ብረት 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ይጠነክራል፣ ግን ቶሎ አይሰበርም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ወይም ገጠር የወናፍ ድምፅ ተከትላችሁ ማሠራት ትችላላችሁ። ስታሠሩ እነዚህን እዩ።

ቅርጹን በቃል አታስረዱ፤ ካርቶን ቁረጡና ስጡ። የእናቴን ቢላ ድሮ የነበረውን ስፋት ገምቼ ካርቶን ላይ ስዬ ነበር የሄድኩት። ሰውየው ካርቶኑን አገላብጦ አየና «ይሄ የሴት ቢላ ነው፤ ጀርባው ይሳሳ» አለኝ። ልክ ነበር።

ብረቱ ቀጥቅጦ ካለቀ በኋላ ግሎ ዘይት ወይም ውሃ ውስጥ መነከሩን እዩ። ጥንካሬው የሚመጣው እዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ እንደገና በመጠኑ መሞቅ አለበት፤ አለበለዚያ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በመጨረሻ ሞረድ ተውሳችሁ ስለቱ ላይ ቀስ ብላችሁ አስነኩ። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል። ከያዘና ከነከሰ ገና ለስላሳ ነው፤ ይመለስ።

ዋጋ ስትከራከሩ ደግሞ ለከት ይኑራችሁ። እኛ አገር ማረሻውን፣ ማጭዱንም ካራውንም የሠራልንን ሰው «ቡዳ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስሙን ጠይቁትና ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት። ፈረንጅ የሠሪው ማህተም ያለበትን ቢላ በብዙ ብር ይገዛል፤ የኛዎቹ ግን ስማቸው የትም አይጻፍም።

6. አሮጌ ቢላ ስታገኙ

ከአያት ሳጥን የወጣ ሰንጢ ወይም ካራ ካገኛችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። አታብረቅርቁት። ቀዩን ዝገት ብቻ በዘይትና በጨርቅ፣ ካልሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንሡ። ጥቁረቱን ተዉት። እጀታው ቢንቀጠቀጥም ለመቀየር አትቸኩሉ። በሽቦ የተጠመጠመ እጀታ ታሪክ ነው፤ አዲስ ፕላስቲክ ስትገጥሙለት ቢላው የማንም ይሆናል።

7. አቀማመጥ

ቆዳ አፎት ለመያዣ እንጂ ለማስቀመጫ አይደለም። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፤ ከርሞ ስታወጡት ቢላው ዝጎ ታገኙታላችሁ። ከአፎቱ አውጥታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ፈሳሽ ፓራፊን በስሱ ቀብታችሁ ጨርቅ ጠቅልሉት። የምግብ ዘይት ይገማል፣ ይጣበቃልም። መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያ ጋር አትቀላቅሉ፤ ስለቱ በግጭት ይሞታል። መስታወት ወይም እብነ በረድ ላይ አትክተፉ፤ የእንጨት መክተፊያ ምን አደረጋችሁ? ልጆች ካሉ ቁልፍ ያለው ቦታ ይሁን።

8. ከቤት ከማውጣታችሁ በፊት

አውሮፕላን ስትሳፈሩ ማንኛውም ቢላ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ይጫን፤ በእጅ ቦርሳ ከገባ ፍተሻ ላይ ይቀራል። ውጭ አገር ያላችሁ የየአገሩን ሕግ አንብቡ። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ ያለ ምክንያት በኪስ መያዝ የሚቻለው የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሳንቲ ሜትር፣ የማይበልጥ ሰንጢ ብቻ ነው። ቀለበት ያለው ኦፒኔል ይቆለፋል፤ ስለዚህ ለንደን ያላችሁ እቤት ተዉት።

ባለፈው ፋሲካ ያሠራሁትን የባሌስትራ ቢላ ለእናቴ ይዤላት ሄድኩ። አገላብጣ አየችው፣ በአውራ ጣቷ ስለቱን ነካ ነካ አደረገችው፣ «ጥሩ ነው» አለችና መሳቢያ ውስጥ ከነካርቶናቸው ካሉት ጋር አስቀመጠችው። ከዚያ ቀጭኑን አነሣች። «ይልቅ ይሄን ሳልልኝ» አለችኝ።